በአፍንጫው እምቢ ያለው ሚኒስትር

ባለሥልጣን አልወድም። አገር ቤት ማንበብ ስለማልችል አንድ የቀበሌ ሹም በጣቴ አስፈርሞ ቤቴን ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶብኛል። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ መስጊዱ ምድር ቤት፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አማርኛውን ብቻ። እንግሊዝኛው በአፍ ነው።

ስለዚህ ከካናዳ ሰሜን ጫፍ የሚመጣ አንድ የኢኑይት ተወላጅ ፖለቲከኛ ሰባት ዓመት በታክሲዬ ከኤርፖርት ሳመላልስ በክፉ ዓይን ነበር የማየው። መጀመሪያ የመንደር ምክር ቤት አባል ሆኖ መጣ፤ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ከጎኔ ተቀመጠ። የግዛቱ ምክር ቤት ሲገባ ሻንጣውን ሌላ ሰው ያዘለት። ሚኒስትር ሲሆን እሱ ከኋላ ተቀመጠ፤ ሻንጣው በሌላ ታክሲ መጣ። እድገት ይሉታል።

ብዙ አያወራም። እሺ ሲል ቅንድቡን ያነሳል፣ እምቢ ሲል አፍንጫውን ያጨማድዳል። አገሩ እንዲህ ነው። እኔም እሺ ስል ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስለምስብ አንድ ፈረንጅ አለቃዬ ምግብ ያነቀኝ መስሎት ጀርባዬን ደልቆኛል። በዚህ ተግባባን።

አንድ ቀን ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ አንድ የማዕድን ኩባንያ ስብሰባ ጠራው። ኩባንያው አጋዘኖች በሚወልዱበት መሬት ላይ መንገድ ሊያወጣ ይፈልጋል። ካርታውን ተሸክሜለት ገባሁና በሩ ጋ ቆምኩ።

«መንገዱን ይደግፋሉ?» አሉት። አፍንጫውን አጨማደደ። «ከሁለት ዓመት በኋላስ?» አጨማደደ። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ከኩባንያው ሰዎች አንዷ የሆነ ነገር የሸተተው መስሏት መስኮት ልትከፍት ተነሳች፤ እዚያ ፎቅ ላይ መስኮት አይከፈትም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሚኒስትሩ ተቃውሞ አላሰሙም» ተብሎ ተጻፈ። እውነት ነው፣ ድምፅ አላሰማም።

ወሬው ሰሜን ደረሰ። እዚያ ፓርቲ የለም፤ ሚኒስትር የሚሾሙትም የሚያወርዱትም ራሳቸው የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። «መሬታችንን ሸጠው» ተባለ፤ ሊያወርዱት ቀን ቆረጡ። ያኔ ደወለልኝ።

«ኖ ማለት አቅቶህ ነው?» አልኩት።

«አልኩ እኮ! ስናደድ እንግሊዝኛው ይጠፋኛል። ትናንት ደግሞ በመንደሩ ሬዲዮ አንዲት አሮጊት ደውለው ‹ልጄ፣ እሺ ብለሃል?› አሉኝ።»

«ምን መለስክ?»

ዝም አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ በሬዲዮ አፍንጫህን አጨማደድክ?»

«ለምዶብኝ ነው» አለ። «ምክር ቤቱ ያየ ሰው በጽሑፍ ይመስክር ብሏል። አንተ ነበርክ። ጻፍልኝ።»

በአማርኛ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ከኩባንያው ሰዎች ማን የት እንደተቀመጠ ሳይቀር ጻፍኩ። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ «እዚህ ሳድል ሪጅ ሰፈር ቁጭ ብሎ የሰሜን ዋልታ ጠበቃ!» ትለኛለች። በማግስቱ ኖርዝ ኢስት በሚሉት ሰፈር የልደትና የጋብቻ ወረቀት የሚተረጉም የአገሬ ልጅ ቢሮ ወሰድኩት። ባለ ማኅተም ነው፣ ባለ ክራቫት። አንብቦ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ የሚኒስትር አፍንጫ እንዴት ተደርጎ ይጻፋል?»

«እንዳለ ይጻፋል። ነገሩ አፍንጫው ላይ ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉት» አለ። ተረጎመ፣ ማኅተሙን መታ፣ አሽጎ በቀጥታ ለምክር ቤቱ ላከ። እኔ ቅጂውን ይዤ ወጣሁ። እንግሊዝኛውን ማንበብ አልችልም፤ ግን ማኅተሙ ያምር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚኒስትሩ ደወለ። አውርደውታል። ወረቀቴ በምክር ቤቱ ፊት በእንግሊዝኛ ተነቧል፣ አስተርጓሚዎቹም ወደ ቋንቋቸው መልሰውታል።

«ምን ይላል?»

«‹ክቡር ሚኒስትሩ የቀረበላቸውን ሐሳብ አራት ጊዜ በጨዋነት አዳመጡ።›»

ወደ ተርጓሚው ቢሮ በረርኩ። የአገሬ ልጅ ቡና ጋበዘኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ክብራቸውን ጠብቄ ነው» አለኝ። ከልቡ ነው። ለመሳደብ እንኳን አልተመቸኝም።

በሚኒስትሩ ቦታ የተተካው ሰው ባለፈው ወር መጣ፤ እኔው ነኝ ያመጣሁት። ከኤርፖርት እስከ ዳውንታውን አፉ አልተዘጋም፣ እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው። መንገዱን እሺ አለ፣ በቃሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ አንድም ስሕተት የለም።