«ባዶ ነው» የተባለው ፕሪንተር

ዛሬ የቢሮውን አሮጌ ፕሪንተር ለገለጉ ከተማ ነጋዴ ሸጠነው፣ የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሟል። እኔ ደግሞ «ውስጡ ያለው ሰነድ ሳይጠፋ ከመተማ አይወጣም» ብዬ ያዝኩት።

ሾፌሩ ጋሼ ደሴ ተቆጡ። «ወረቀቱን አውጥተሽለታል፣ ባዶ ነው። መንገዱን ታውቂው የለ፣ ሳይመሽብኝ ልውጣ።»

ወደ ፕሪንተሩ ዞርኩ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፣ ማንም አልቀየረውም፤ እኔም ጭምር። ማሽኑ ውስጥ ከተቀመጡት ሰነዶች የሳቸውን ፈልጌ አተምኩ።

መንጃ ፈቃዳቸው ከነፎቶው ወጣ። አምና ሰሊጥ ሲጭኑ በዚሁ ማሽን ኮፒ ያደረግነው ነው። የቀን ሠራተኞቻችን መታወቂያም ሁሉም እዚያው አለ።

ጋሼ ደሴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄደው ሞተሩን አጠፉ። «በይ ጨርሽ። ቢመሽም እዚሁ አድራለሁ።»

ሰነዱን ሁሉ ከማሽኑ አጠፋሁት። በምትኩ የገዛነውን የአዲሱን ፕሪንተርም የይለፍ ቃል ቀየርኩ።

የእናንተ መሥሪያ ቤት አሮጌ ማሽንስ የማንን መታወቂያ ይዞ ሄደ?