እፍ ያልኩበት መቁረጫ

ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለ የሴቶች ፀጉር ቤት ጥፍር ሠሪ በነበርኩበት ጊዜ በንጽሕናዬ እኮራ ነበር። መቁረጫውን በሳሙና አጥባለሁ፣ በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ከዚያ እስኪደርቅ እፍ እፍ እልበታለሁ። ደንበኞቼም ጥንቃቄዬን አይተው ሌላ ደንበኛ ይልኩልኛል።

አንዲት ሙሽራ ሠርጓ አራት ቀን ሲቀረው ጥፍሯን ሠራሁላት። በሦስተኛው ቀን የቀለበት ጣቷን በሌላ እጇ ይዛ መጣች። ቀልቶ አብጧል፤ ጥፍሩ ሥር መግል ቋጥሯል።

«ጥፍረ መጥምጥ ነው፣ ሎሚ ውስጥ ክተቺው ተባልኩ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ክው አልኩ። ከኔ መቁረጫ ይሆን? ልጠይቅም ልናገርም ፈርቼ፣ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ።

ነርሷ መግሉን አፍስሰው ጣቷን ጠቀለሉላት። እኔ ግን ነገር ካልገባኝ የሚያንገበግበኝ ሰው ነኝ፤ ሙሽራዋ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ ወደ ኋላ ቀረሁ።

«ሲስተር፣ ጥፍሯን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መቁረጫዬን በአልኮል እየጠረግኩ ይሄ ከየት መጣ?»

«እስቲ እንዴት እንደምታደርጊ አሳዪኝ» ብለው መቀስ ሰጡኝ።

አሳየኋቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አሁን በመጨረሻ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። አደረቅሁት።»

«በአፍሽ እኮ ነው! ያጸዳሽውን መልሰሽ አቆሸሽው። ደግሞ መጥረግ ብቻ አይበቃም። አልኮሉ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አቆዪው፣ ከዚያ በራሱ ይድረቅ።»

በጣም ገረመኝ። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ጉልበቱን እፍ፣ ዳቦ መሬት ሲነካ እፍ፤ እፍ ማለት ማጽዳት ነው ብዬ ነው ያደግኩት። በቀን ስንት ጊዜ እንደማደርገው እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ሙሽራዋ በተጠቀለለ ጣት ተዳረች፤ ቀለበቱም ትንሿ ጣቷ ላይ ገባ። ለመልሷ ጥፍሯን ልትሠራ ስትመጣ ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

«ጣትሽን ያሳመምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አልኳት። ነርሷ ያሉትንም ሁሉ ነገርኳት።

 ዘጠኙን ጣቶቿን ዘርግታ አሥረኛውን ጭኗ ላይ ደበቀችው። አልፈረድኩባትም፤ ግን አፍሬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሠርቼ ስጨርስ የተጠቀለለውን ጣቷን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ይቺ ስትድን እመለሳለሁ» አለችኝ፣ «ያበላሸሻት አንቺ ነሽ፤ የምታስተካክያትም አንቺ ነሽ።»