ተቀምጦ የሚውል ልጅ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ በተማሪ ወንበር ላይ አጣጥፎ አስቀመጠን። አጀንዳው ሞባይል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሞባይል የትውልዱ ነቀርሳ እንደሆነ፣ ተማሪው ከመጽሐፍ ጋር እንደተፋታ፣ ዐይኑ ከስክሪን፣ ልቡ ከአጫጭር ቪዲዮ እንደማይነቀል ዘረዘሩ። እኛም ወላጆች ራሳችንን በሐዘን ነቀነቅን። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ራስን መነቅነቅ እንደ ማኅበር ጸሎት ነው፤ አብሮ ያላደረገ ሰው ይታወቅበታል።

በዚህ መሐል ከአጠገቤ የተቀመጠች እናት ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። «ሄሎ፣ የኔ ቆንጆ፣ ክፍል ነሽ እንዴ? እሺ ቀስ ብለሽ አውሪ። ምሳ ዕቃሽን ረስተሽው ሄድሽ እኮ፤ ዘበኛው ጋ አስቀምጬልሻለሁ፤ እንዳትረሺ።» ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀና ብላ መነቅነቋን ካቆመችበት ቀጠለች። ልጅቷ ከእኛ ራስ በላይ ካለው ፎቅ፣ ምናልባትም ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበረች።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን አያ ታደገ ትዝ አሉኝ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ሆነን እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንማር ነበር። ደመላሽና እኔ ከይጁቤ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣን የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። ሦስተኛው፣ ስንታየሁ፣ የጉንደ ወይን ልጅ ነው፤ ምላሱ ከእኛ የፈጠነ፣ እጁ ወደ ደብተር ለመሄድ ግን የዘገየ። የምንበላው ከቤት በሚላክልን ስንቅ ነው። እንጀራው እስከ ረቡዕ ድረስ እንጀራ ነው፤ ከረቡዕ በኋላ ሻጋታውን እየጠረግን የምንበላው ስም የለሽ ነገር ይሆናል፤ ሐሙስና ዓርብ በሶ ነው። በሶ በስኳር የሚበጠብጥ ተማሪ ሀብታም ይባል ነበር። እኛ በጨው ነበርን።

ከቤት የሚመጣ ወሬም ከስንቁ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በገበያተኛ አፍ ይደርሰን ነበር። ላም ብትታመም ወሬው እኛ ጋ እስኪደርስ ወይ ድናለች ወይ ሞታለች። በሁለቱም ደብተር የሚያስዘጋ ነገር የለም። ያኔ ይህን ርቀት እንደ ናፍቆት እንቆጥረው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የትምህርት ሚኒስትር ብሆን በአዋጅ የምመልሰው ነገር እሱን ነው።

ደመላሽ ከሦስታችን አንደኛ ነበር፤ ሒሳብ ላይማ ከክፍሉ ሁሉ። ምህንድስና ነበር የሚያልመው። አባቱ አያ ታደገ ጉልበቱ የጠና ልጃቸውን ከእርሻ አውጥተው ከተማ በመላካቸው ጎረቤት ሲያሾፍባቸው ኖሯል። እሳቸውም ደመላሽ ወደ ከተማ ሲወጣ ሁላችንም እየሰማን ቁርጡን ነግረውታል። «ካለፍክ መንገድህን አልይዝህም። ካላለፍክ ሞፈሩም አለ፣ ያጨሁልህም ልጅ አለች፤ ሁለተኛ ዓመት የሚባል ነገር አላውቅም።» ስለዚህ በዚያች ክፍል ውስጥ ፈተናው የእኔና የስንታየሁ ጉዳይ ሲሆን፣ የደመላሽ ግን ሕይወቱ ነበር።

ስልኩ የመጣው በፋሲካ ነው። አዲስ አበባ ግንባታ ላይ የሚሠራው የደመላሽ ታላቅ ወንድም ለበዓል ሲገባ፣ ግንባራቸው ላይ የእጅ ባትሪ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ስልኮች ይዞ መጣ፤ አንዱን ለአባቱ፣ አንዱን ለደመላሽ። በቀበሌያችን መብራት ስላልነበረ የአያ ታደገ ስልክ በገበያ ቀን ይጁቤ ሄዶ ቻርጅ ተደርጎ ይመለሳል። ኔትወርኩም የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ካለች ጉብታ ላይ ብቻ ነው። አያ ታደገ ግን ምንም አልመሰላቸውም። በመጀመሪያው እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ጠላው እንደ ዞረ፣ ብድግ ብለው «ማርቆስ ጉዳይ ያለው ሁሉ ከእንግዲህ እግሩን አያድክም፤ ልጄ እዚያ አለ» ብለው ቁጥሩን ለምእመኑ በሙሉ ሰጡ።

ከዚያ ወዲያ የምንኖረው ተማሪ ቤት ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያው ደዋይ ለበሬው የእከክ መድኃኒት ስም ፈለገ። ቀጥሎ አንዲት አክስት የፍርድ ቤት ቀጠሮዋ ዕለት ጠፋባት። አንዱ ልጁ መኪና ተሳፍሮ ስለመድረሱ መናኸሪያ ሄዶ እንዲያይለት፣ ሌላው የሬዲዮ ድንጋይ እንዲገዛለት፣ አንድ ቄስ ደግሞ ማርቆስ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ እንዲነገራቸው ደወሉ። ጉብታዋ ላይ ሰው ተሰልፎ የአያ ታደገንና በዚያው ሰሞን ቀበሌው የገቡ አንድ ሁለት ሌሎች ስልኮችን እየተቀባበለ ያወራል፤ እዚህ ደመላሽ በአንድ እጁ ኢንተግራልን፣ በሌላው ቀበሌውን ይዟል። ስንታየሁ «ቆንስል» ብሎ ስም አወጣለት። በሩ ሲንኳኳ «ቆንስሉ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ተራ ይጠብቁ» ይላል።

አያ ታደገ ራሳቸው የሚደውሉት ያለ ጉዳይ ነው። እሱ ይብስ ነበር።

«ደመላሽ?»

«አቤት አባዬ።»

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እያጠናሁ።»

«እህ፣ ተቀምጠህ ነዋ! እንግዲያማ እናውራ።»

ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ ቀልድ እናወራው ነበር። በኋላ ነው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ለአያ ታደገ ሥራ ማለት ቆሞ የሚሠራ ነገር ነው፤ የሚያርስ ሰው፣ የሚያጭድ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ እሱን አይጠሩትም። የተቀመጠ ሰው ግን ወይ እያረፈ ነው ወይ እንግዳ እየጠበቀ ነው። ትምህርትን አያውቁም ማለትም አይደለም፤ ደብሩ አጠገብ አድገዋል። የሚያውቁት ትምህርት ግን ድምፅ አለው። የቆሎ ተማሪ ሲቀጽል ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ ዝም ያለ እንደሆነ የኔታ በአለንጋ ይቀሰቅሱታል። ዝም ብሎ ወረቀት እያየ የሚውል ልጅን ማናገር እሳቸው ዘንድ ማወክ ሳይሆን ብቸኝነቱን ማስረሳት ነበር።

ግንቦት ሲገባ የሞዴል ፈተና ውጤት ተለጠፈ። ደመላሽን ከላይ ጀምረን ፈለግነው፤ ከላይ የለም። ከመሐል ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሒሳብ መምህራችን ጠርቶት «ሞባይል ይዘሃል አሉ። ጌምና ሴት ነው አይደል?» አለው። ደመላሽ መሬት መሬት አየ። ምን ይበል? የአክስቴ ቀጠሮ ነው ይበል? በዚያች ስልክ ላይ የእባብ ጨዋታ የሚጫወተው ስንታየሁ ነበር፤ ለዚያውም ደዋይ እየቆረጠበት ይበሳጭ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ደመላሽ ባትሪውን ከስልኩ አወጣ፤ ሁለቱንም በፌስታል ጠቅልሎ የበሶው ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኑ ድረስ ቀበራቸው።

«ነፍስ ይማር» አለ ስንታየሁ።

«ዝም በል አንተ።»

እንዴት ያለ ሳምንት ነበር! ትንሹ ዝናብ ጀምሮ አቧራውን አብርዶታል፤ ባሕር ዛፉ ይሸታል። ከትምህርት ቤት መልስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብተን ጥዱ ሥር እንበታተናለን። በአጥሩ ወዲያ የቆሎ ተማሪዎቹ ይጮኻሉ፤ እኛ ወዲህ ዝም እንላለን። ደመላሽ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ መጥረግ የረሳው የበሶ ዱቄት ከንፈሩ ላይ እንዳለ፣ ከአንድ ጥያቄ ጋር ግማሽ ቀን ይፋጠጣል። ያ የጥንቱ ደመላሽ ተመለሰ።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን የግቢው በር ላይ አያ ታደገን አየኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ዐይናቸው ቀልቷል። ከኋላቸው የደመላሽ አጎት ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ለካስ ስልኩ እንቢ ሲል መጀመሪያ «ሥራ ይዞ ነው» አሉ፤ ከዚያ «ታሞ ነው»፤ ከዚያ ጉብታዋ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ እየተጋገዘ ገደለው። በጨለማ ተነሥተው ይጁቤ ድረስ በእግር፣ ከዚያ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ሆነው መጡ። ቤት አከራያችን «ደብሩ ግቢ ነው» ስትላቸው ደግሞ፣ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ደብር ግቢ ሲባል ምን እንደሚታየው መገመት ነው።

ልጃቸውን ከጥዱ ሥር ተቀምጦ አዩት። መጀመሪያ አጎቱ «እልል» ሊል አፉን ከፈተ። አያ ታደገ ግን ቀድመው ጮኹ።

«አንተ! አለህ?»

ደመላሽ ደብተሩ ከጭኑ ወደቀ። «አባዬ! ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«አንተ ነሃ!» አሉና እዚያው ሥሩ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ትንሽ ተነፈሱ፤ ከዚያ ቁጣው መጣ። «ስልኩስ?»

«ዘግቼው ነው።»

«ለምን?»

«ላጠና።»

«ታዲያ ስልኩ ምን አደረገህ? ተቀምጠህ አይደለም እንዴ የምታጠናው?»

ደመላሽ ተንበርክኮ ደብተሩን አነሣ፤ እንባው እየመጣ ይመስለኛል፤ ፊቱን አዞረ። እኔ ነኝ የተናገርኩት። «አያ ታደገ፣ ሞዴል ላይ ወድቋል። እንዲህ ከሆነ ዋናው ላይም ማለፉን እንጃ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ወድቋል» የሚለው ቃል የገባቸው ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን አልገባቸውም። «በል እንግዲህ አጥና፤ ልየው» አሉና ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

እንደዚያ ያለ የጥናት ተቆጣጣሪ አይቼ አላውቅም። አያ ታደገ የልጃቸውን አፍ ያያሉ፤ አይንቀሳቀስም። ዐይኑን ያያሉ፤ አንድ ቦታ ተተክሏል። «ድምፅ አታወጣም እንዴ?» አሉ። «ሒሳብ ነው አባዬ፣ ድምፅ የለውም።» ቆይተው አንገታቸው ዘንበል አለ፤ አንቀላፉ። ሲነቁ ፀሐዩ ዞሯል፤ ደመላሽ ግን እዚያው ነው።

«አሁንም እዚያው ገጽ ላይ ነህ?»

«እዚያው ነኝ።»

«ከባድ ነው?»

«መሐሉ ላይ ነኝ። አሁን ከተነሣሁ እንደ አዲስ ነው የምጀምረው።»

አያ ታደገ ለአጎቱ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። ስንታየሁ «አባትየው መጥተዋል» ሲባል ከበሶው ውስጥ አውጥቶ፣ ባትሪውን አስገብቶ፣ ቁልፎቹ ዱቄት እንደያዙ ለእሳቸው አምጥቶ ሰጥቷቸው ነበር። አነሡት። ድምፁ እኛም ጋ ይሰማል።

«ሄሎ! አያ ታደገ? ተገኘ?»

«ተገኘ፤ ደኅና ነው።»

«ተመስገን አምላኬ! ሴቶች ሆይ፣ ተገኝቷል!» ጉብታዋ ላይ እልልታ ሆነ። እልልታው ሳያልቅ ያው ድምፅ ቀጠለ። «እንግዲያ ከተገኘ ዘንድ፣ የበሬዬን መድኃኒት ነገር አደራ በለው።»

አያ ታደገ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና አዩት፤ እጃቸው ላይ የሞተ አይጥ ያገኙ ይመስል። «ልጁ ሥራ ላይ ነው» አሉ።

«ምን ይሠራል?»

ቃል ፈለጉ። ደመላሽን አዩት፣ ደብተሩን አዩት፣ ቃሉ ግን አልመጣም። «መሐሉ ላይ ነው!» ብለው ዘጉት። ሳይቆይ ሌላው ደወለ፤ ለሱም «መሐሉ ላይ ነው» አሉት። ከሦስተኛው ጋር ጨርሰው ሊሳደቡ ደርሰው ነበር፤ ቄሱ ሆነው ተገኙና ምላሳቸውን ነከሱ።

ከሰዓት በኋላ ሊመለሱ ሲነሡ የደመላሽን ስልክ ይዘው ነበር የሄዱት። የራሳቸው በግራ ኪሳቸው፣ የልጃቸው በቀኝ። «እንግዲህ እስክትጨርስ ወሬ ከስንቁ ጋር ይመጣልሃል» አሉት። ሲርቁ ከኪሳቸው አንዱ ይጮህ ነበር።

ደመላሽ አለፈ። ምህንድስናም ደረሰው። እኔም እንደ ነገሩ አለፍኩ። ስልክ ያልነበረው ስንታየሁ ወደቀ፤ ለሱ መውደቅ ምክንያት የሚሆን ዕቃ ስላልተገኘ ማንም ስብሰባ አልጠራም።

ከዚህ የተነሣ ሞባይል ለተማሪ ጥሩ ነው የሚል ሰው እንዳልመስል እሰጋለሁ። የዛሬው ስልክ የያኔዋ ባለ እባብ ስልክ አይደለም፤ ልጄን ከመጽሐፍ ላይ ሲያነሣት በዐይኔ አያለሁ። ግን ልጁን በመኮነን ረገድ እንደተጋን ሁሉ ማን እንደሚደውልለት ብንጠይቅ ምን ይለናል? ሐሙስ ዕለት «አስተያየት ካለ» ሲባል እጄን አወጣሁና፣ የልጆቹ ስልክ ከመነጠቁ በፊት በትምህርት ሰዓት የወላጆች ይነጠቅ አልኩ። ሳቁ። አጠገቤ ያለችው እናት ከሁሉም በላይ ሳቀች። ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አላነሣም።

ደመላሽ ዛሬ ሩቅ አገር ድልድይ ይሠራል። አያ ታደገ አርጅተዋል፤ ጉብታም መውጣት አያስፈልጋቸውም፤ ከመደባቸው ላይ ሆነው ይደውሉለታል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ መጀመሪያ የሚሉት «መሐሉ ላይ ነህ?» ነው አለኝ። ነኝ ካላቸው ይዘጋሉ፤ እሱም ዘግተው ብዙ እንዳይቆዩ ፈርቶ፣ መሐሉ ላይ ሆኖም አይደለሁም ይላቸዋል።

ከስብሰባው ወጥቼ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የተናገርኩትን ለልጄ ልነግራት፣ አብረን ልንስቅ ፈለግሁ። እጄ ኪሴ ገብቶ ስልኩን ይዟል። ቀና ብዬ ወደ ፎቁ አየሁ፤ መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ ምንም ድምፅ አይሰማም። መቼም ዝም ብላ ተቀምጣ ነው፣ አልኩ በልቤ።

እጄን ባዶውን አወጣሁት።