በሚኒባስ ውስጥ የተፈረደበት ባል

«ቆይ የኔ ልጅ፣ አትግለጠው! ገና አልጨረስኩም።»

ዛሬ ጠዋት ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያ ወደ ማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው እንዲህ ያሉኝ። እጄ ላይ የያዝኩትን የወንጀል ልብ ወለድ ለካ አብረን ነው የምናነበው።

ይቅርታ ጠይቄ ጠበቅኳቸው።

«ሟቿ ማን ናት?» አሉኝ ቀጥለው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላቸው። እሳቸው ደግሞ እየተቀበሉ በሶማሊኛ ለሾፌሩ አወሩለት። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። (በዚህ መስመር ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ፣ ሙዚቃ ሲዘጋ ያየሁት ዛሬ ነው።)

መንገዱን ሳናጋምስ ተሳፋሪው በሙሉ «ገዳዩ ባሏ ነው» ብሎ ፈረደ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ የፍየል ነጋዴ ሽማግሌ ብቻ «ያየው ሰው አለ?» እያሉ ተከራከሩ። የሰማቸው የለም።

ቀብሪበያ ደረስን። ማንም አልወረደም።

«መጨረሻውን አንብብልን» አለኝ ሾፌሩ።

«አርባ ገጽ ይቀረኛል። እኔም ገና አላወቅኩትም።»

«እኛ እኮ ሥራ አለን፣ ቲቸር።»

ምን ላድርግ? የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እናትየው አስተረጎሙ። የገደለቻት እህቷ ናት።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱና በመስኮቱ በኩል «በሉ እንግዲህ፣ ባልየውን ይቅርታ ጠይቁት» ብለውን ሄዱ።

እኔ አሁን መጨረሻቸውን የማውቃቸውን አርባ ገጾች ይዤ ስታፍ ክፍል ተቀምጫለሁ። እናንተስ፣ ጀምራችሁት ያልጨረሳችሁትን መጽሐፍ ማን አበላሸባችሁ?