ቅቤ የጠጣው ሰደፍ

ደባርቅ ላይ በአናጢነት በኖርኩባቸው ዓመታት በርና ሳጥን መሥራት ሰልችቶኝ ያውቃል፤ እንደ ጠመንጃ ሰደፍ እጅ እጅ ያለኝ ሥራ ግን የለም። በር የሚያሠራ ሰው ይታገሣል። ሰደፍ የተሰበረበት ሰው ሁሌም ለነገ ነው የሚፈልገው፤ ወይ ሰርግ አለበት፣ ወይ ለቅሶ።

ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አንድ ማክሰኞ ወገቤን ቆርጦኝ ዕቃዬን ሰብስቤ ልዘጋ ስል፣ ከጃናሞራ የመጡ ሽማግሌ በጋቢ የጠቀለሉትን ምንሽር ጠመንጃ አግዳሚዬ ላይ አኖሩት። ሰደፉ አንገቱ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። ጠመንጃው የሟች ታላቅ ወንድማቸው ነው። በቀብሩ ዕለት ይዘውት ሲፎክሩ አደናቅፏቸው ድንጋይ ላይ ወደቁና ሰበሩት።

"አርባው እሑድ ነው" አሉኝ። "አማቾቹ ሁሉ ይመጣሉ። የሟች ጠመንጃ ተሰብሮ ለቅሶ መሐል ይቆማል? ሰውስ ምን ይለኛል?"

"በጠፍር ቢያስሩትስ፣ አባቴ?" አልኳቸው። ድካሜ ነው የተናገረው።

"ጠፍርማ መቼ አጣሁ። ስብራቱ እንዳይታይ ብየ እንጅ።"

ዓርብ ማለዳ መንገድ ካልጀመሩ አይደርሱም። እዚያው ሥራ ጀመርኩ። የሁለት ሚስማር ራስ ቆርጬ ጣልኩ፤ ሁለቱን ስባሪዎች ልክ ለልክ በመሰርሰሪያ በሳሁ፤ ኢፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ከሁለቱም ቱቦ እኩል አድርጌ ቀላቀልኩና ቀባሁ፤ ሚስማሮቹን ከትቼ በሞርሳ አጠበቅሁት። በማግስቱ ሞርሳውን ስፈታ ስባሪው ከሚስማሮቹ ላይ ሙልጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ማጣበቂያው ደርቋል፤ እንጨቱን ግን አልያዘውም።

ስባሪውን ሳሸተው ቅቤ ቅቤ አለኝ፤ ያኔ ገባኝ። ሟቹ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ በየዓመት በዓሉ ቅቤ ሲያጠጡት ኖረዋል። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የእኔም አባት ያደርግ ነበር። ይህን ሳላስብ መቅረቴ አናደደኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

ስባሪውን በቤንዚን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። እሱ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን እልህ ይዞኝ ሰደፉን በሙሉ አጠብኩ፤ አጥቤም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ትንሽ ጎድጉዶ ነበር፤ እሱንም ከቀረው ጋር አስተካከልኩት። ከዚያ እንደገና ቀባሁ፣ አሰርኩ፣ ብርዱ እንዳያበላሽብኝ ፀሐይ በዞረበት እያዞርኩ አደረቅሁት። በመጨረሻ በጉልበቴ ተጭኜ ብሞክረው ንቅንቅ አላለም። ወገቤ ቢያመኝም ኮራሁ።

ዓርብ ማለዳ ሽማግሌው መጡ። ሰደፉን አገላብጠው ስብራቱን ፈለጉ፤ አጡት።

"እጅህ ይባረክ" አሉኝ።

ቀጥለው እንደሚያነጣጥር ሰው ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አሳረፉ። ቆዩ። አወረዱት፣ አሸተቱት፣ እንደገና ጉንጫቸውን አሳረፉ።

"እዚህ ጋ የጉንጩ ጎድጓዳ ነበር" አሉ።

"ፋቅሁት፣ አባቴ። እንዲያምር ብዬ ነው።"

"አምሯል እንጅ።" ቦታውን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ከሞተ ወዲህ እዚያ ላይ ጉንጬን ሳኖር እሱን እሱን ይሸተኝ ነበር።"

በሰደቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፍሬ፣ "ቅቤ ላምጣልዎና እንደገና ይቀቡት" አልኳቸው።

"ተው፣ ልጄ። እኔ ስቀባው የእኔ ይሆናል።"

ጠመንጃውን በጋቢያቸው ጠቅልለው በቡይት ራስ ዳገት ወጡ። እሑድ ለቅሶው መሐል ሳያሳፍራቸው እንደቆመ በኋላ ከገበያተኛ ሰማሁ። ደስ አላለኝም።