የሳጂዳ የዝናብ ፕሮግራም

ሳጂዳ ጭሮ ላይ ሒሳብ ታስተምራለች። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ግን ማንም አላስተማራትም፤ ከስልኳ ላይ እያነበበች፣ በአሮጌ ላፕቶፕ እየሞከረች ለብቻዋ ነው የለመደችው። የጻፈችው ኮድ እምቢ ሲላት አትበሳጭም። «የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ራሱ ይነግረኛል፤ ወላሂ እንደዚህ የሚታገሥ ሰው አላየሁም» ትላለች።

አንድ ክረምት በጭሮ ዙሪያ ካሉት ከሚኤሶ፣ ከሂርናና ከቦኬ የተሰበሰቡ የዝናብ መዝገቦችን አንድ በአንድ ላፕቶፑ ላይ አስገባችና ገበሬው መቼ ቢዘራ እንደሚሻለው የሚጠቁም ፕሮግራም ጻፈች። ደስታዋን ያካፈለችው አንድ ሰው ነበር፤ መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው የፊዚክስ መምህሩ ተስፋዓለም። ፓይተንን ከሀ ጀምራ ያስተማረችው እሷ ናት። እንዲለማመድበት ብላም ፕሮግራሙን በፍላሽ ሰጠችው።

በመጋቢት ከተማው ውስጥ የግብርና ስብሰባ ተጠርቶ መምህራንም ተገኙ። ተስፋዓለም መድረክ ላይ ወጣ። ግድግዳው ላይ የሳጂዳ ፕሮግራም በራ፤ ከላይ የነበረው ስሟ ጠፍቶ የእሱ ገብቷል።

«እንደምታዩት ቦኬ ሰኔ ላይ ዝናብ የለውም፤ ዘር መዘግየት አለበት» አለ። የግብርና ባለሙያዎቹ ይጽፉ ጀመር።

ሳጂዳ ደነገጠች። የቦኬው ዝናብ መዝጋቢ ታሞ በተኛባቸው ሳምንታት ገጹ ባዶ ነበር፤ የመጀመሪያው ኮዷ ባዶውን ሁሉ «አልዘነበም» ብሎ ይቆጥረው ነበር። ኋላ አርማዋለች፤ እሱ እጅ ያለው ግን ያልታረመው ነው። ዝም ብትል ውርደቱ የራሱ ነው፤ የቦኬ ገበሬ ግን ወቅቱ ያልፍበታል። ተነሣች።

«ይቅርታ፣ ስህተት አለው። መዝገቡ ያልተሞላበት ቀን ሁሉ ዝናብ ያልጣለበት ቀን አይደለም» አለችና ምክንያቱን አስረዳች።

ተስፋዓለም ፈገግ አለ። «እህቴ ሳጂዳ መረጃ በማስገባት ስታግዘኝ ነበር። አመሰግናታለሁ፤ እናስተካክለዋለን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ለእሱ።

ሲበተኑ በር ላይ ጠበቀችው። «ተስፋዓለም፣ ምን አደረግኩህ?»

«አንቺ እኮ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው የምትጽፊው። ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

የታረመውን ኮድ ለባለሙያዎቹ ራሷ ላከች። ቦኬ በጊዜው ተዘራ፤ ስለ ፕሮግራሙ በወጣው ጽሑፍ ላይ ግን የሰፈረው የእሱ ስም ብቻ ነበር።

ሳጂዳ ፓይተንን አልተወችም። ሰው ወደ ጠረጴዛዋ ሲጠጋ ግን ላፕቶፑን ትከድናለች። ባለቤቷ አብዱናስር «ዛሬስ ምን ጻፍሽ?» ሲላት እንኳ «ምንም» ነው መልሷ።