የጋሽ ጃንጥላ ማጅራት

ባሌ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ የጠፋ ዕቃ መዝጋቢ ነው። ከሚጠፋው ዕቃ አብዛኛው ጃንጥላ ስለሆነ ጣቢያው በሙሉ «ጋሽ ጃንጥላ» ይለዋል። እኔም ሲያናድደኝ እንደዚያው እጠራዋለሁ፤ በየቀኑ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ጆሮው ደከመ። ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያገኝ ጢጥ ይላል፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች። ሰው መስኮቱ ላይ ያለችውን ደወል ሲጫን ውሎ ይሄዳል። የጆሮ መሣሪያ ብናመጣለት «ያፏጭብኛል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ «ሐሙስ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ አይዎታለሁ፤ ካልሆነ መጋዘን ይወርዳሉ» አለችው። መጋዘኑ ምድር ቤት ነው፤ ነፍስ ያለው ነገር የለበትም። የኔ ባል ደግሞ ሰው ካላወራ ያመዋል። ፈራሁለት።

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው ታናሽ ወንድሜ መላ መታ። ከአሮጌ ኮምፒውተር ሁለት ትንንሽ ማራገቢያ ነቅሎ፣ ወንበር መደገፊያ ላይ የምትታሰር፣ ጢጥታውንና ደወሉን እየሰማች የምትነፍስ ሳጥን ሠራ።

«ጋሼ፣ ንፋሱ በግራ ማጅራትዎ ከመጣ ተሳስተዋል። በቀኝ ከመጣ መስኮቱ ላይ ሰው አለ።»

«እንዴ! አንተ ልጅ፣ ስልሳ ዓመት የሞላውን ሰው ማጅራቱን በንፋስ ልታስመታው ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ንፋስ አይደለም፣ መልእክት ነው!»

መልእክትም ቢሆን ይበርዳል! በኔ ቤት በርና መስኮት አንድ ላይ ተከፍቶ አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት ሳጥኗን ቦርሳው ውስጥ ስከት፣ ማንም ሳያየኝ ሁለቱንም የንፋስ መውጫ ቀዳዳ በጥጥ ጠቀጠቅኳቸው። ትንሽ ትንሽ ያልፍ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ሆዴ አላስችል ብሎኝ ተከትዬው ሄድኩ።

ኃላፊዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ኮምፒውተሩ ጢጥ አለ። ባሌ እየሳቀ መጻፉን ቀጠለ። ደግሞ ጢጥ! መስኮቱ ላይ አንድ ሰውዬ ደወሉን ይደበድባል። ባሌ ንፋስ ስላልመጣ ሰላም ነው ብሎ ተደላድሏል። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ሮጬ ገብቼ ከወንበሩ ኋላ ጥጡን በጣቴ ብጎረጉር ይባስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ክዳኑ በብሎን ታስሯል። ምን ላድርግ? ጎንበስ አልኩና በቀኝ ማጅራቱ እፍ!

«አቤት ጌታዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለ ባሌ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ።

ጢጥ ሲል በግራ እፍ፤ ያስተካክላል። ደወል ሲጮህ በቀኝ እፍ፤ ያስተናግዳል። እሱ አንዴም ዞር አላለም። እኔ ግን ራሴ ዞሮ ልወድቅ ደረስኩ።

«እሜቴ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለች ኃላፊዋ።

ጥጡን ተናዘዝኩ። ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልቻለችም። «እፍ ካሉላቸው ወዲህ አንድም አላመለጣቸውም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እሳቸው እዚሁ ሥራቸው ላይ ይቀመጡ። ግን ጥጡ ይውጣ!»

መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ የጠፋበትን ጃንጥላ ተቀብሎም አልሄደም። «ወይ ጉድ! በዚህ ዕድሜ እፍ ክንፍ?» አለ። ከኋላው ያለው ሰልፍ በሙሉ ሳቀ። ፊቴ ሚጥሚጣ መሰለ።

ባሌ ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። «አንቺ! ከየት መጣሽ? ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው?»

ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ያልኩ መስሎኝ፣ ጣቢያውን በሚያናውጥ ድምፅ ጮህኩ፦ «በዚህ ዕድሜ ትዋደዳላችሁ ወይ ነው የሚለው!»

«ታዲያ ሰውዬውን ምን ታስጠብቂዋለሽ?» አለ ባሌ። «አዎ በይው እንጂ!»